የዓለምነው ቃልና ስምንቱ ጊጋ

መጋቢት 4 ቀን 2007፣ ዓርብ

ደረጃውን አጠብኩ። ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ግብጻዊ ውኃ የለም ብሎ ጮኸ፤ ሞተሩን አስነስቼ ዝም አሰኘሁት። ከጁምዓ መልስ ሳዲያ መጣች። መነጽሯን አደረገች።

ሳዲያ ጎረቤቴ ናት። የሹፌሩ የበሽር ሚስት፣ ልብስ ሰፊ። አፏ አያርፍም፤ ምሥጢር ግን አያመልጣትም። ይህ ደብተር የአደራ ደብተር ነበር፤ ማን ምን አስቀመጠ፣ ማን ወሰደ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ ሙሀባው ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ናቸው ንብረታቸውን እኔ ዘንድ የሚያስቀምጡት። ከዛሬ ጀምሮ በኋለኛው ገጽ የራሴን ነገር አስጽፋለሁ።

«ለማን እንዲሆን ነው?» አለችኝ።

ለራሴ።

«አንተ አታነበው፣ አያ!»

አንቺ ታነቢልኛለሽ። ጻፊ ብያለሁ፣ ጻፊ።

የዛሬ ነገር፦ ሳጥኑ ሞላ።

ሳጥን የምለው ኮምፒውተሩን ነው። አምና ኅዳር፣ ያ ሁሉ ሰው ወረቀት የለህም ተብሎ በአፈሳ ሲሄድ፣ እዚህ ሪያድ፣ ጀራዲያ ሰፈር ያለው የእኔ በር ሰልፍ ነበረው። «አያ፣ ይቺን ያዝልኝ።» «አያ፣ አደራ።» የሕንፃ ዘበኛ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ሌላ ማንን ይመኑ? ወረቀትና ፎቶው በብረት ሻንጣዬ ገባ። በስልክ ካርድ ያለውን ድምፅና ቪዲዮ ግን ሀይደር ከሳጥኑ ከተተው።

ሀይደር የመርካቶ ልጅ ነው፤ አርባ አልፎታል። ባጥሐ ሰፈር ኮምፒውተር ይጠግናል። ሳጥኑን ከወዳደቀ ዕቃ የሠራልኝ እሱ ነው። ዕቃ የሚደረደርበትን ሥርዓት ሲያስገባበት፣ «ጋሼ፣ የሌላው ሰው ኮምፒውተር ፋይሉ መበላሸቱን አያውቅም። ይሄ ራሱን ይመረምራል። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ከሌላው ያድሳል» አለኝ። የሥርዓቱ ስም ዜድ ኤፍ ኤስ። ወደድኩት። ዘበኛ እንዲህ ነው።

ታዲያ ለምን ሞላ? ሰው ሁሉ ያንኑ እያመጣ! የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ዘጠኝ ሰው አስቀምጧል። ያው መንዙማ፣ ያው መዝሙር፣ ያው ቀልድ። ከስልክ ስልክ ሲገለብጡ የኖሩት ነው። አንድን ነገር ዘጠኝ ጊዜ መጠበቅ ምን ይባላል?

«መፍትሔ አለው» አለ ሀይደር። «አንድ ዓይነት የሆነውን አንዴ ብቻ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ግን ራም፣ ማለት ሲሠራ የሚያስብበትን ቦታ፣ ይበላል ጋሼ። እኛ ያለን ስምንት ጊጋ ነው። የቤት ኮምፒውተር ነው፤ ሁለት መሰኪያ፣ አራት አራት፣ ኸላስ። ከዚያ በላይ አይቀበልም። ለዚህ ሥራ ሠላሳ ሁለት ነበር የሚያስፈልገው።»

«ስምንት ይበቃዋል። አብራው።»

«ጋሼ፣ ይቅርብዎ...»

«የማን ሳጥን ነው?»

አበራው።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ሀይደር ሥራውን ጨረሰ። ዕቃውን ሁሉ በውሰት ዲስክ ላይ አውጥቶ እንደገና አንድ በአንድ መለሰው። ግማሹ ባዶ ሆነ! ዘጠኙ ሠርግ አንድ ሠርግ ሆነ።

«አየህ?» አልኩት።

«አየሁ።» አልሳቀም።

የውሰቱን ዲስክ አጽድቶ ሊመልስ ሲል ቆመ። «የዓለምነውን ቃል ብቻ በትንሽ ፍላሽ ላስቀርልዎት። ለክፉ ቀን።»

«ሁለት ዲስክ አለው አላልክም?»

«ሁለቱም ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ጋሼ።»

እምቢ አልኩ። ምክንያት አለኝ። ዓለምነው የሐይቅ ሰው ነበር፣ ግንበኛ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። አምና ጥር ላይ ከመወጣጫው ወደቀ። ሐኪም ቤት ስለው «ወደ ተርሂል እስር ቤት ወስደው ነው የሚያባርሩኝ» እያለ እኔ ክፍል ሦስት ቀን ተኛ። አምቡላንስ ስጠራ ዘግይቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመሞቱ በፊት፣ ስልኩን አስከፍቶኝ ተናገረ። ስለ ትርንጎ። እዚሁ ሪያድ አብረው ይኖሩ ነበር፤ ሽማግሌ ያልተላከበት የስደት ትዳር። እሷን አፈሳው ከነሆዷ ወስዷታል። «ልጁ የኔ ነው» አለ። ኑዛዜ ነው ይሄ። ኑዛዜ ሽማግሌ ፊት ይከፈታል እንጂ እንደ ዘፈን ከስልክ ስልክ አይዞርም። ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ከስልኩ ያስጠፋሁትም እኔ ነኝ። እኔ ዘንድ ያለ፣ አለ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ሳጥኑ ያቃስታል። አንድ ቪዲዮ እስኪያሳይ ሻይ ይፈላል።

ሀይደርን ጠየቅኩት፤ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ከዚህ በር ላይ ተቀምጠው የሚገባውን ሰው ፊቱን ብቻ አይተው ያሳልፋሉ አይደል? የነዋሪው ሁሉ ፊት በጭንቅላትዎ ነው። ሳጥኑም እንደዚያ ነው። ለገባው ነገር ሁሉ ምልክት ይይዛል፤ አዲስ ሲመጣ ከምልክቱ ጋር ያስተያያል። ያ ሁሉ ምልክት ራም ላይ መቀመጥ አለበት። ራሙ ካነሰ ለያንዳንዱ ሰው አራተኛ ፎቅ ወጥቶ 'ይሄን ታውቁታላችሁ?' ብሎ ጠይቆ እንደሚወርድ ዘበኛ ይሆናል።»

ገባኝ። ገባኝ አላልኩትም።

«ታዲያ አጥፋዋ፣ ያን ነገር!»

«ቢጠፋም የገባው ገብቷል። ምልክቱ አይሄድም። እንደገና ሁሉንም ማውጣት ነው። የውሰቱን ዲስክ ደግሞ መልሼዋለሁ።»

ይሁን። ቀርፋፋም ቢሆን ይሠራል። እኔም ቀርፋፋ ነኝ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ትርንጎ ደወለች። ከሐይቅ ነው፤ ድምጿ እንደ ሰለለ ክር።

«አባ፣ ቀን ተቆረጠ። የሚያዝያ ሚካኤል ሽማግሌ ይቀመጣል።»

የዓለምነው ታላቅ ወንድም ውብሸት ነው ያስቀመጣቸው። እሷ የዓለምነው ጎጆ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ልጇን ጌጡን ይዛ። ጌጡ ዓመት አልፎታል። ውብሸት ምን ይላል? «ከአረብ አገር ሆዷን ይዛ መጣች። የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?» ሽማግሌው ልጁ የዓለምነው አይደለም ካሉ ሚያዝያ ሳያልቅ ትወጣለች። የት ትሄዳለች? እናቷ ሞታለች። ልጁስ? አባት የሌለው ተብሎ ነው የሚያድግ።

«አይዞሽ» አልኳት።

«አባ፣ ያ ቃል አለ? በእውነት አለ?»

«አለ ወይ ብለሽ እኔን ትጠይቂያለሽ?»

ውብሸት ከጎኗ ቆሞ ይሰማ ኖሮ ስልኩን ነጠቃት። «አንተ ነህ ምስክር የምትባለው?» አለኝ። አንተ ብሎ! «እኔ አልመሰክርም» አልኩት። «እኔ ምን አስለፈለፈኝ። ሟቹ ራሱ በገዛ አፉ ይናገራል። ያን ቀን ጆሮህን ታጥበህ ጠብቅ።» ዘጋሁበት።

ሳዲያ «አይ አያ፣ አነጋገርህ እኮ!» አለች። ጥሩ ተናገርኩ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ኢሊያስ ከጅዳ መጣ፤ አደራውን ተቀብሎ ሄደ። ትልቅ አደራ ነበር፤ የሱ ብቻ የሳጥኑን ሩብ ያህላል። የወሰደ ሰው ንብረት ምን ያደርግልኛል? ቦታው ይለቀቅ፣ ሳጥኑም ቀለል ይበለው ብዬ አጠፋሁት። ሀይደር የቱን ሥዕል እንደምጫን አሳይቶኛል፤ የቆሻሻ ቅርጫቱን።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አሁን ሳጥኑ አይነሳም።

(ይህን ሳስጽፍ ሳዲያ ብዕሩን አቁማ አየችኝ። «መቼ ነው የጠፋው አያ? እኔ ቤት ማራገቢያው ሲዞር ነው የዋለው።» እዚህ ጠፍቶ ነበር፣ ጻፊ።)

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ሀይደር መጣ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወጣና አንድ ቦታ ይቆማል። ዝም። ድጋሚ ያስነሳዋል። እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል።

«መብራቱ ሲጠፋ ፓወር ሰፕላዩን፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ፣ መትቶት ይሆናል» አለ።

ይሆናል አልኩ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

ፓወሩን ቀየረ። ያው ነው።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ገመዶቹን ቀየረ። ዲስኮቹን አንድ በአንድ መረመረ፤ ደህና ናቸው። ራሙን አውጥቶ በላጲስ ጠረገው። ያው ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ ምሳውን ትቶ ነው የሚመጣው። ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ሳየው... ተነስቼ ወጣሁ። በር የሚያንኳኳ ሰው አለ ብዬ። ማንም አልነበረም።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

አቧራ። ሰማዩ የጡብ ቀለም ሆነ፤ ከበሩ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም። አፌ ውስጥ አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ዛሬ የማስጽፈው የለም። ሳዲያ ግን «ቁጭ በልና ተናገር» አለችኝ።

ምን ልናገር? አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረው። ከሩቅ ሆና በኔ የታመነች ሴት አለች።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ሳዲያ፣ የምልሽን እንዳለ ጻፊ።

መብራት አልጠፋም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።

የኢሊያስን አደራ አጥፋ ስለው ሳጥኑ ደረቀ። ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ጠበቅኩት። ጭራሽ። ትናንሽ መብራቱ ብቻ ይርገበገባል። ሞተ ብዬ ገመዱን ከግድግዳው መዘዝኩት፤ በገዛ እጄ። ከዚያ አፈርኩ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዋሽቼ አላውቅም እል ነበር።

ዛሬ ሀይደር ሦስተኛ ፓወር ሰፕላይ ተሸክሞ መጣ። በጀርባው ላብ ወርዷል። «አስቀምጠው» አልኩት። ነገርኩት።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሲነቅሉት እያጠፋ ነበር?»

«አዎ።»

«ያ ረቢ...! ጋሼ፣ አሥራ አንድ ቀን ፓወር ስቀይር?»

«አዎ።»

«እኔን ሞኝ አድርገው?»

ሳዲያ እዚህ ጋ አለቀሰች፤ እሱንም ጻፊው።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ሀይደር ተመልሶ መጣ። የማይመጣ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ይሄ ነው አለ። ያን ትልቅ አደራ ጥፋ ሲባል፣ ሳጥኑ እያንዳንዱን ቁራጭ ከምልክቱ ጋር ማስተያየት አለበት፤ ሌላ ሰው ያንኑ አስቀምጦ ይሆን? ብሎ። ዘጠኙ ሠርግ አንድ ሆኗላ! ያን ሁሉ ምልክት ራም ላይ አምጥቶ ነው የሚሠራው። ስምንት ጊጋ አልበቃውም። እየተንፏቀቀ ነበር፣ አልሞተም ነበር። እኔ ነቀልኩት። አሁን ሲነሳ መጀመሪያ ያን የጀመረውን ልጨርስ ይላል። ራሙ አይበቃውም። ይታነቃል። ቢነሳም እንደገና ይታነቃል።

«ብጠብቀውስ ኖሮ?»

«ምናልባት በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይጨርስ ነበር።»

የዓለምነው ቃል አልጠፋም ማለት ነው። ደህና ሆኖ እዚያው ተቀምጧል። ከዚህ ክንድ በማይሞላ ቦታ። አላወጣውም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! ተቃጥሎ ቢሆን ኢና ሊላሂ ብዬ እቀመጥ ነበር።

«መድኃኒቱ ምንድነው?»

«ብዙ ራም የሚቀበል ሌላ ኮምፒውተር። ዲስኮቹን ወስደን እዚያ መሰካት።»

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ሀይደር የሚሠራበት ሱቅ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ለጥገና ገብቷል፤ የአንድ ድርጅት ነው። ስልሳ አራት ጊጋ! ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«በዚህ እንሞክረው» አልኩት።

«አይሆንም።»

«አንድ ቀን ብቻ። ባለቤቱ የት ያውቃል?»

ሀይደር እጁን አበሰ። «ጋሼ፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን ለእኔ የሰጠኝ አምኖኝ ነው። የራሱ አደራ ነው። እርስዎ ዘንድ ያለውን የሰው ዕቃ እኔ ለሌላ ሥራ ልጠቀምበት ብልዎት ይሰጡኛል?»

ከባጥሐ ጀራዲያ በእግሬ ተመለስኩ። አውቶቡስ ቆሞልኝ ነበር፤ አልፌው ሄድኩ።

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

አንድ የከረላ ሕንዳዊ የራሱን ኮምፒውተር አዋሰን። አሥራ ስድስት ጊጋ። ዲስኮቹን በሻርፕ ጠቅልዬ ጉያዬ አድርጌ ወሰድኳቸው። ሀይደር ሰካ። ያ የሚቆምበት ቦታ ላይ ደረሰ... አለፈው! አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጮክ ብዬ።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ቆመ። አሥራ ስድስትም አይበቃውም። ከነአካቴው ደረቀ።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ

ፋሲካ ነው ለክርስቲያኑ። ትርንጎ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ አልኳት። «ጌጡ መራመድ ጀመረ» አለችኝ። «ባባ ይላል። ለማን እንደሚል እንጃ።» ውብሸት በበዓሉ ቀን የበሩን መዝጊያ ነቅሎ ወስዷል፤ «የወንድሜ እንጨት ነው» ብሎ። በጆንያ ጋርዳ ነው የምታድረው።

«ቃሉን ለአንዴ ብቻ አሰሙኝ አባ። ድምፁን ከሰማሁ አልፈራም።»

ምን አልኩ? «በሚካኤል ትሰሚዋለሽ» አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ። ለምን እንዲህ እላለሁ?

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

ሱዳናዊ አለ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ አለው። ሀይደር ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠናው አልነገረኝም። «ዓርብና ቅዳሜ ሠርግ ቀረጻ ላይ ነኝ፣ ኮምፒውተሩን አልነካውም። እሑድ ጠዋት ግን ሥራ አለብኝ፣ መዓለሽ፣ ይቅርታ» አለ። ሦስት ቀን ለሽማግሌው።

ከጁምዓ በኋላ ሰካነው። ያን ቦታ አለፈ። ይሠራል። ሀይደር ጆሮውን ዲስኩ ላይ አስጠግቶ «ይሰማዎታል? እየቆፈረ ነው» አለኝ። እኔም ሰማሁ። ትርትር፣ ትርትር።

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

ይሠራል። ስንት እንደቀረው አይናገርም። ግማሽ? ሩብ? «አይናገርም ጋሼ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው።» አጠገቡ ተቀምጬ ዋልኩ። እንደ በሽተኛ ጠባቂ። ዓለምነው አጠገብም እንዲህ ነው የተቀመጥኩት።

ሚያዝያ 11፣ እሑድ

ሱዳናዊው መጣ። ደግ ሰው ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ያ ዐም፣ የሰው ሠርግ ነው፣ ማክሰኞ ይፈልጉታል» አለ። ለመንኩት። እኔ ሙሀባው ሰው ለመንኩ። እስከ ዙሁር ጨመረልኝ። ዙሁር ደረሰ።

ሀይደር «በሥርዓቱ ላጥፋው» አለ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆይቶ ነው የተጫነው። እኔ አላየሁም፤ ፊቴን አዙሬ ነበር። ትርትሩ ሲቆም ግን ሰማሁ።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

ሚካኤል።

ደወሉ። ዋርካ ሥር ናቸው፣ ነፋሱ ይሰማል። የሽማግሌው አለቃ ቄስ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ረጋ ያሉ ናቸው። «እንግዲህ ሰውየው፣ አለኝ ያሉትን ድምፅ ያሰሙን» አሉ።

«አልተከፈተም» አልኩ።

«እንዴት?»

እንዴት ብዬ ላስረዳ? ዋርካ ሥር ለተቀመጠ ሽማግሌ ራም ብዬ? «ማስቀመጫው ተበላሸ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ልጁ የኔ ነው ብሏል።»

ውብሸት ሳቀ። «ባለፈው ምን ነበር ያልከው? 'እኔ አልመሰክርም፣ ሟቹ ራሱ ይናገራል።' አላልክም? ይኸው ጆሮዬን ታጥቤ መጣሁ። ይናገራ!» ሌሎቹም ሳቁ። የገዛ ቃሌን መልሶ ወረወረብኝ፤ ልክ እንዳልኩት አድርጎ።

አለቃው ዝም አሰኟቸው። «እሺ፣ ምን ምን አለ? አንድም ሳይቀር ይንገሩን።»

ጀመርኩ። ትርንጎ የያዘችው የኔ ነው አለ። ከኔ በቀር ሰው አታውቅም አለ። ከዚያ...

«ለልጁ ስም ሰይሟል?» አሉኝ።

ሰይሟል። ወንድ ከሆነ እንዲህ በሉት ብሏል። ስሙን ጠርቷል። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ስሙ... ስሙ የለም! ሳጥኑ ይዞታል ብዬ አንዴም ልይዘው አልሞከርኩም። ዓመት ሙሉ!

«አላስታ...» አልኩ፤ አልጨረስኩትም። ትርንጎ ስታለቅስ ሰማሁ።

አለቃው «ሰው በስልክ አይምልም» አሉ። «ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ለግንቦት ሚካኤል ቀጥረናል። ወይ ድምፁ ይምጣ፣ ወይ ሰውየው ይምጡ። ሁለቱም ካልመጡ ነገሩ አለቀ።»

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ምግብ አልገባልኝም። ሳዲያ ሾርባ አመጣች፤ ቀዘቀዘ።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ሀይደር ሪያድን አዳረሰ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ያለው ሰው አለ፤ ለሳምንት፣ ለአሥር ቀን፣ ስንት እንደሚፈጅ ለማይታወቅ ነገር የሚያውስ ግን የለም። ማንስ ያውስ? እኔም አላውስም።

«በወር ውስጥ ላይሆን ይችላል ጋሼ» አለኝ። ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ። አከበረኝ።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

ከፊሌ ዘንድ፣ ኢቃማ ያወጣልኝ አሠሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ዲራ ሰፈር፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አገሬ ደርሼ ልምጣ አልኩት። ኢቃማዬን አገላብጦ አየ። «ያ ሙሀባው፣ ዕድሜህ አልፏል። ይሄ ካለቀ አይታደስም። ከሄድክ መመለስ የለም፤ ኸሩጅ ኒሃኢ፣ የመጨረሻ መውጫ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት በር። ክፍሉ። ደረጃው። አገር ቤት ያለኝ ቤት ወድቋል፤ ማን ይቀበለኛል? የእህቴ ልጆች መልኬን አያውቁም።

አስብ አለኝ። አስባለሁ አልኩ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። «ኸሩጁን ምታልኝ» አልኩት።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

አደራውን ለሳዲያና ለበሽር አስረከብኩ። የብረት ሻንጣውን አንድ በአንድ፣ እሷ እያነበበች፣ እኔ እያነሳሁ። ዲስኮቹ ሀይደር ዘንድ ናቸው። ትልቅ ኮምፒውተር ያገኘ ቀን ይሰካቸዋል። የሌላውም ሰው ነገር አለበት፤ የኔና የዓለምነው ብቻ አይደለም። «አንድ ቀን ይነሳል» አለኝ። ይነሳ ይሆናል። በወንዶች ደንብ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኸላስ ጋሼ» አለ። ኸላስ አይደለም አልኩት፤ ፓወር ሰፕላይ ያሸከምኩህን ቀን ቆጥሬዋለሁ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ትርንጎ ደወለች። ሰው እንዳይሰማት በሹክሹክታ ነው።

«አባ፣ ስሙን... 'ጌጡ በሉት ብሏል' ይበሉ። ማን ያውቃል? እኔም እላለሁ፣ አንቱም ይላሉ፣ አንድ ይሆናል። ያምናሉ።»

«ጌጡ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ክርስትና ሲነሳ እኔ ነኝ ያወጣሁለት። አባ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት!»

አንዲት ቃል። ብላት ሽማግሌው ይረካል። ልጁም አባት ያገኛል። ውብሸት የወሰደውን መዝጊያ ይመልሳል። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩት ማለት እችል ነበር፤ አላሰብኩትም። «አልልም» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። ሐቅ አላት። እኔስ ሐቅ አለኝ? እንጃ። አንዲት ቃል ከጨመርኩ፣ ቀሪውም የዓለምነው መሆኑ ቀርቶ የኔ ይሆናል። ይሄን ብቻ አውቃለሁ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት ነው። በሽር አየር ማረፊያ ሊያደርሰኝ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ደረጃውን ዛሬ ባንግላዴሹ ነው ያጠበው፤ አዲሱ ሐሪስ፣ በእኔ ቦታ የገባው ዘበኛ። በደንብ አላጠበውም። ምንም አላልኩትም።

ሳዲያን አንድ ገጽ ብቻ ጻፊልኝ አልኳት። ሽማግሌው ፊት የምለውን። ቀድደሽ ስጪኝ፣ እዚያ የሚያነብልኝ አላጣም።

ጻፊ፦ ዓለምነው በግራ ጎኑ ተኝቶ ነበር። በጥር ወር ነው፤ ቀኑን አላውቀውም። ጠዋት ነበር። ውኃ ጠየቀኝ፣ ሁለቴ ተጎነጨ። ስልኩን ያዝኩለት። «ትርንጎ የያዘችው የኔ ነው» አለ። «ከኔ በቀር ሰው አታውቅም» አለ። «ጎጆዬ ውስጥ ትቀመጥ» አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እምልበታለሁ። ስለ ወንድሙም የሆነ ነገር ብሎ ነበር፤ ክፉም ይሁን ደግ አላስታውስም። ከዚያ የልጁን ስም ተናገረ። ስሙን ረስቼዋለሁ። እኔ ሙሀባው፣ ረስቼዋለሁ።

ሳዲያ ብዕሯን አነሳች። መነጽሯን አወለቀች።

«አያ፣ ይሄንንም ልጻፈው? ከሰሙህ እኮ ቀሪውንም አያምኑህም።»

እሱን ከላይ አድርጊው አልኳት። ከሁሉ በፊት እሱን ያንብቡት።